ደብዳቤ ለልጄ፦ ጂኦማቲክስ ልትማሪ ካሰብሽ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጂኦማቲክስ ምህንድስና ልማር ነው ማለትሽን ሰማሁ፤ ደስ ብሎኛል። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። «ቅየሳና ካርታ» ብለሽ ብትመልሺ አልዋሸሽም፣ ግን ግማሹን ነው የነገርሽው። የትምህርቱ እምብርት ስህተት ነው። መሣሪያ መትከልና ማንበብ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። ያነበብሽው ቁጥር በስንት ሚሊ ሜትር ሊዋሽ እንደሚችልና ውሸቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው ዓመታት የሚፈጀው።

አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ከፍታ በሌቭል፣ ማለት አግድም በሚያይ ባለ መነጽር መሣሪያ፣ ሲለካ መሣሪያው መሃል ይቆማል፤ መጀመሪያ ከኋላ ከፍታው በሚታወቅ ነጥብ ላይ የቆመው ስታፍ፣ ማለት ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ፣ ይነበባል፣ ቀጥሎ ከፊት አዲሱ ነጥብ ላይ ያለው። «የኋላና የፊት ርቀቱ እኩል ይሁን» ይሏችኋል። ብዙው ተማሪ እንደ ወግ ይይዘውና ሲደክመው ይተወዋል። የሌቭሉ የእይታ መስመር ግን ፍጹም አግድም ሆኖ አያውቅም። በ10 ሰከንድ ብቻ፣ ማለት በአንድ ዲግሪ 360ኛ እጅ፣ አዘመመ እንበል። የኋላው 50 ሜትር፣ የፊቱ 20 ሜትር ከሆነ በአንድ አቋቋም 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ያሳስትሻል። ርቀቶቹ እኩል ቢሆኑ ኖሮ ስህተቱ በሁለቱም ንባብ ላይ እኩል ስለሚገባ ሲቀናነስ ይጠፋ ነበር።

አሁን ዳገት ላይ እንውጣ። ሽቅብ ስትለኪ ከፊትሽ ያለው መሬት ቶሎ የእይታ መስመሩን ስለሚመታው የፊቱ ርቀት ሳትወጂ ያጥራል፣ የኋላው ይረዝማል። ሃያ ጊዜ ከተተከለ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጠራቀመ። ቁልቁል ስትመለሺ ነገሩ ይገለበጣል፤ የኋላው አጭር፣ የፊቱ ረጅም፣ ስህተቱም በምልክቱ ተቃራኒ ይሆናል። ዙሩ ከተነሳሽበት ነጥብ ላይ ሲዘጋ ልዩነቱ ዜሮ ሊል ይችላል። መዝገቡ ንጹሕ ነው፣ አናቱ ላይ የተከልሽው ነጥብ ግን 3 ሴንቲ ሜትር ስቷል። «ዘግቷልና ልክ ነው» የሚል ቀያሽና ይህን የሚያውቅ ቀያሽ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ነው ትምህርት ቤት ስትመርጪ የግቢውን ፎቶ ትተሽ የኮርስ ዝርዝሩን እንድትጠይቂ የምፈልገው። ሙያው እንደየቦታው ስሙ ይለያያል፦ ጂኦማቲክስ፣ ቅየሳ፣ ጂኦዴሲ፣ ጂኦኢንፎርማቲክስ። በተመሳሳይ ስም አንዱ ምህንድስና ያስተምራል፣ ሌላው ጂአይኤስ፣ ማለት የካርታ መረጃን በኮምፒውተር ማደራጀትና መተንተን፣ ብቻ። ጂአይኤስ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ሌላ ሥራ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ዝርዝሩ ውስጥ ጂኦዴሲ (የምድርን ቅርጽና መጠን የመለካት ሳይንስ)፣ የካርታ ፕሮጀክሽን (ክቡን ምድር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማሳረፍ ስሌት) እና አድጀስትመንት፣ ማለትም የሊስት ስኩዌርስ ስሌት፣ ራሳቸውን ችለው ካልተቀመጡ እለፊው። ሊስት ስኩዌርስ ማለት ከሚያስፈልገው በላይ ለክቶ፣ እርስ በርስ የማይስማሙትን ልኬቶች እንደ ታማኝነታቸው መዝኖ ማስታረቅ ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1801 እ.ኤ.አ. ከእይታ የጠፋችውን ሴሬስ የተባለች ትንሽ የሰማይ አካል እንደገና ለማግኘት በዚሁ ዘዴ እንደተጠቀመ ይነገራል፤ በኋላም የሃኖቨርን ግዛት ቀይሷል። የመስመር አልጀብራና ስታትስቲክስ የሚጠቅሙሽ እዚህ ነው። ብዙ ተማሪ ከዚህ ትምህርት ክፍል የሚወጣው በፀሐዩና በትራይፖዱ ክብደት አይደለም፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ማትሪክስ ሲከመርበት ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አንደኛ ዓመት ላይ ጀምሪና ስሌቱን በራስሽ ኮድ ሥሪው፤ ሶፍትዌሩ የሚሰጥሽን መልስ የምታምኚውም የምትጠረጥሪውም ያኔ ነው።

ቀጥሎ ሦስት ነገር ለትምህርት ክፍሉ ጽፈሽ ጠይቂ። አንድ መሣሪያ ለስንት ተማሪ ነው? ከአራት አምስት ካለፈ አንዱ ያነባል፣ የቀሩት ጥላ ይፈልጋሉ። ከክፍል ውጭ ተከታታይ የመስክ ልምምድ አለ ወይ፣ ለስንት ሳምንት? ሦስተኛው ሁሉም የሚረሳው ነው፦ ዲግሪው ለሙያ ፈቃድ ይበቃል ወይ? በብዙ አገር የመሬት ወሰን ለመቀየስ ከዲግሪው ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃድ ሰጪውም የወሰን ሕግ ኮርስ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱን ከትምህርት ቤቱ ብቻ አትቀበዪ፤ ፈቃድ ሰጪውን ራሱን ጠይቂ። ተማሪ የሚያንስበት ክፍል እንደመሆኑ የምርጫ ኮርሶች «ተመዝጋቢ አልሞላም» ተብለው ይሰረዛሉ፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት በትክክል የተሰጡት የትኞቹ እንደሆኑ አጣሪ።

ከገባሽ በኋላ በቶታል ስቴሽን፣ ማለት ማዕዘንና ርቀት አብሮ በሚለካ መሣሪያ፣ ርቀት ስትለኪ የፕሪዝም ቋሚውን ሳታዪ አትጀምሪ፤ ፕሪዝም ብርሃኑን ወደ መሣሪያው የሚመልሰው መስታወት ነው፣ ቋሚው ደግሞ ለእሱ ሲባል ርቀቱ የሚታረምበት ቁጥር። ፕሪዝሙ ሌላ ሆኖ መሣሪያው ላይ የተሞላው ሌላ ከሆነ እያንዳንዱ ርቀት፣ 20 ሜትርም ይሁን 800፣ በእኩል መጠን ይሳሳታል፤ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ የተለመደ ነው። ማጣሪያው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሀ፣ ለ እና ሐ የሚባሉ ነጥቦች ትከዪ፤ ከሀ እስከ ለ፣ ከለ እስከ ሐ፣ ከዚያ ከሀ እስከ ሐ ለኪ። የሁለቱ ድምር ከሦስተኛው የበለጠበት ወይም ያነሰበት መጠን ያው ስህተቱ ነው።

የከፍታ መነሻ ነገር ደግሞ አለ። የሳተላይት መሣሪያ የሚሰጥሽ ከፍታ ከኤሊፕሶይድ፣ ማለት ምድርን ከሚወክል ለስላሳ የስሌት ቅርጽ፣ የተለካ ነው። የመሐንዲሱ ፕላን ላይ ያለው ከፍታ ግን ከባሕር ወለል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደ ቦታው በአስሮች ሜትር ይደርሳል፣ አንዳንድ ቦታ ከ100 ሜትር ያልፋል። «ባሕር ወለል» የሚባለውም አንድ አይደለም። ጀርመንና ስዊዘርላንድ ላውፈንቡርግ ላይ ድልድይ ሲሠሩ የአንዱ ከፍታ ከሰሜን ባሕር፣ የሌላው ከሜዲትራንያን ይነሳ ነበር፤ ልዩነቱ 27 ሴንቲ ሜትር። ይህን ያውቁ ነበር፣ አስበውበታልም። ማስተካከያው ግን በተቃራኒ ምልክት ገባና በ2003 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ወገኖች በ54 ሴንቲ ሜትር ተበላልጠው ተገኙ። ማንም መለካት አላቃተውም፤ የመደመርና የመቀነስ ነገር ነው። ስለዚህ ከምትጽፊው ከፍታ ሁሉ አጠገብ መነሻው ይጻፍ፤ ባዶ ቁጥር አትስጪ።

ማመልከቻው ከመዘጋቱ በፊት የሁለት ሦስት ትምህርት ቤት የኮርስ ዝርዝር ላኪልኝ፤ አድጀስትመንት በስንተኛው ሰሚስተር እንደተቀመጠ ከዚያ አብረን እናያለን።

እናትሽ