ለእታለሜ፣ ከእቴቴ ድምፅ ጋር

ውድ እታለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንደ ድሮው ደብዳቤያችን ልጀምረው ብዬ ነው እንጂ ከሰላምታው በፊት ይቅርታ መቅደም ነበረበት።

የመጨረሻው መልእክትሽ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት፣ አራት ኪሎ ቆመሽ የተነሳሽውን ፎቶ ልከሽልኝ ነበር። ከሥሩ «ያኔ ይህን አግኝተን ቢሆን!» ብለሻል። ሥራ ላይ ሆኜ አየሁትና «ማታ ረጋ ብዬ እጽፍላታለሁ» አልኩ። ያ ማታ ሳይመጣ ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ ቀጥሎ ማፈር መጣ። ከዚያ እቴቴ አረፈች። የሰማሁት ከሰልስቱ በኋላ በሰው በሰው ነው። ስልኩን አንስቼ ቁጥርሽን ሁሉ አውጥቼ፣ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ብትይኝ የምመልሰው ስላጣሁ መልሼ አስቀመጥኩት። ለእኔም እናቴ ነበረች። አብሬሽ ማልቀስ ሲገባኝ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ እንድጽፍልሽ ያስገደዱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። ሌላው ይሄው ነው፦ የሰፈራችን ላይብረሪ ሊታደስ ነው፣ አንቺም ኮሚቴው ውስጥ ገብተሻል ብለው ነገሩኝ። ደስታዬን አልደብቅሽም። ከዚያ ክፍል የወጣ ሰው እንጂ ማን ይገባዋል?

ታስታውሻለሽ አይደል፣ የማትሪክ ዓመት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የምትጭለጨል አንድ አምፖል፣ በሩ ላይ ካፖርታቸውን የደረቡ ዘበኛ። ለሁለት አንድ ፊዚክስ መጽሐፍ ይዘን፣ ሳናንሾካሾክ እንዴት እንማር? በዚያ ሐምሌ በሚመስል ዝናብ «ውጡ!» ተባልን። የደብተሬ ቀለም ፈሶ ቀሚሴን ሰማያዊ አደረገው። እቴቴ ቀሚሱን እያጠበች «ነገ ተመለሱ፤ ቤቱ የመንግሥት ነው፣ የዘበኛው አይደለም» አለችን። ተመለስን። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ላይብረሪ ስገባ ትከሻዬን ሰብስቤ ነው፤ ባዕድ አገር መጥቼም ብዙ ዓመት እንደዚያው ገባሁ።

ስለዚህ እዚህ ዋሽንግተን ስለታደሰው ላይብረሪ ልንገርሽ፤ ስለ ውበቱ አይደለም፣ ለሥራሽ ይጠቅምሽ ይሆናል ብዬ ነው። የሀበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ዘጠነኛ ጎዳና ወደ ደቡብ ብትወርጂ ታገኚዋለሽ፤ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ይባላል። ሚስ ቫን ደር ሮኸ የተባለ ስመ ጥር አርክቴክት ነው የነደፈው፤ እሱ ካረፈ ከ3 ዓመት በኋላ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ተከፈተ። ጥቁር ብረትና መስታወት ነው። እኔ አገሩ ስገባ አሳንሰሩ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም፤ ደረጃው ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ ጨለማ ነው። ልጄን በጋሪ እየገፋሁ አንድ ሁለቴ ሄጄ ተውኩት።

በ2017 (እ.ኤ.አ.) ዘጉት፣ በ2020 መስከረም ወር ላይ ከፈቱት። 211 ሚሊዮን ዶላር ነው የፈጀው። ይህን ቁጥር ስትሰሚ «እኛ በምናችን?» እንዳትይ፤ የገንዘቡን ነገር አይደለም የምነግርሽ። ሕንፃው ቅርስ ተብሎ ስለተመዘገበ ውጪውን እንደነበረ አቆዩት። ውስጡን ግን ከፈቱት። የተደበቀው ደረጃ ወጥቶ ሰፊና ጠመዝማዛ ሆነ፣ ብርሃን ከላይ ይወርድበታል። ከላይ አምስተኛ ፎቅ ተጨምሮ ጣሪያው ላይ አትክልት ተተከለ። ለሕፃናት ሸርተቴ አለ፤ አዎ፣ ላይብረሪ ውስጥ ሸርተቴ! ለወጣቶች ለብቻቸው የተለየ ቦታ አለ። የስፌት መኪና፣ ባለ ሦስት አውታር (3D) ዕቃ የሚያትም ማሽንና ድምፅ የሚቀረጽበት ስቱዲዮ ያለበት ክፍልም አለ። መግባት በነፃ ነው።

ልጄ አሁን 16 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ቀን በር ድረስ አብሬያት ሄድኩ። «እማዬ፣ ከዚህ በኋላ እኔ ብቻ» አለችኝ። ከሩቅ ቆሜ አየኋት፤ አንዷ መሬት ላይ ተዘርግታ ትሥላለች፣ ሁለቱ ስልክ ላይ ተደፍተው ይሳሳቃሉ፣ አንዱ ጥግ ላይ የሒሳብ የቤት ሥራውን ይሠራል። አንድም ሰው «ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?» አላላቸውም። ልጄ ትከሻዋን አልሰበሰበችም። እዚያው ቆሜ ዕንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አንቺ ብቻ ታውቂያለሽ።

ታዲያ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይህን ንገሪልኝ። የእኛ ሰፈር ልጅ ላይብረሪ የሚመጣው መጽሐፍ ፍለጋ ብቻ አይደለም። የራሱን ደብተር ይዞ፣ ወንበርና መብራት ፍለጋ ነው የሚመጣው፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያጠና ልጅ ጸጥታ ይሻል፤ ያን አትንኩበት። ግን አንድ ክፍል፣ ጠባብም ብትሆን፣ ድምፅ የሚፈቀድባት ትሁን፤ አብሮ ማጥናት፣ መከራከር፣ ግጥም ጮክ ብሎ ማንበብ የሚቻልባት። ከንባብ ክፍሉ ራቅ ያለችውን ምረጡ፣ በተቻለ መጠን በመሃል መጋዘን ወይም መተላለፊያ ይግባ፤ በአንድ ስስ ግድግዳ ብትለዩዋቸው በወሩ ሁለቱም ወገን ይጣላል፣ የሚዘጋውም የልጆቹ ክፍል ነው። ሶኬት አብዙ። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ በአንድ ማይክሮፎን መቅረጽ ይቻላል፣ ሚሊዮን አይጠይቅም። ከሁሉም በላይ ግን ቀለሙን እንኳ ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ሦስት ልጆች ኮሚቴው ውስጥ አስገቡ። ለክብር ሳይሆን ድምፅ እንዲሰጡ። እና በሩ ላይ የሚቆመው ሰው እንዴት እንደሚያናግራቸው ተነጋገሩበት፤ የኔን ሰማያዊ ቀሚስ እያሰብሽ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር።

አገር ለቅቄ የመጣሁ ዓመት እቴቴ በሰው እጅ የላከችልኝን ካሴት ታስታውሻለሽ? ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጋር ከቤት ቤት ስትዞር ኖረች። የምታጫውታት ቴፕ የለኝም፣ ደግሞ ትበጠስብኛለች ብዬ እፈራ ነበር። እዚያ ላይብረሪ ውስጥ አሮጌ ካሴትና የቪዲዮ ክር ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጥበት ክፍል አለ፤ ቀጠሮ ይዘሽ ራስሽ ትሠሪዋለሽ። የነገረችኝ ልጄ ናት። ቅዳሜ አብረን ሄድን። ክሯ ላልታ ነበር፤ ድሮ እንደምናደርገው እስክሪብቶ ቀዳዳዋ ውስጥ ከትቼ ቀስ አድርጌ አጠነጠንኳት፣ ልጄ አፏን ከፍታ ታየኛለች። መጫወቻውን ስትጫን መጀመሪያ ሹሹታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ዶሮ ጮኸ፣ የእናንተ ግቢ ዶሮ። ከዚያ እቴቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየችና «‹ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ› ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። አስረዳኋት። «አበቃት?» አለችኝ። አልበቃትም አልኳት። ዝም አለችና እንደገና ከመጀመሪያው አጫወተችው። አሁን ያን ድምፅ እያዳመጠች በአማርኛ ፊደል ትጽፈዋለች፤ የመጀመሪያውን ገጽ አይቼዋለሁ፣ «ሀ» እና «ሐ» ተቀላቅለውባታል፣ አላረምኳትም።

ድምፁን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፤ 41 ደቂቃ ነው። ብቻሽን ሆነሽ ስሚው። መሃል ላይ አንቺ ከጓዳ «እማዬ፣ ሽንኩርቱ አረረ!» ስትይ ትሰሚያለሽ፤ እሷም ወደ ካሴቱ ዞራ «ይቺ ልጅ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ምግብ አትበላም፣ ጻፊላት» ትላለች።

ጻፍኩልሽ።

እህትሽ፣ ከዋሽንግተን