ከ1978 በፊት የነበረውስ?

ሰላም አዘጋጅ፣ አሜሪካ ውስጥ ስለተመሰረተችው ሞርሞን ቤተክርስቲያንና ስለ ጥቁሮች ሲወራ ሁሌ በፈረንጆቹ 1978 ፕሬዚዳንቱ ስፔንሰር ኪምባል ራዕይ መጣልኝ ብለው ለጥቁር ወንዶችም ክህነት ፈቀዱ ይባልና ይታለፋል፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዛ በፊት የነበረው ነው። ኤላይጃ ኤብል የሚባል ጥቁር ሰው እኮ በ1836 መስራቹ ጆሴፍ ስሚዝ በህይወት እያለ ክህነት ተቀብሎ ነበር! ጥቁሮች ክህነት እንዳይቀበሉ የሚለውን እገዳ በይፋ የተናገረው የስሚዝ ተተኪ ብሪገም ያንግ ነው፣ 1852 ላይ፣ ያውም አሜሪካ ዩታ ውስጥ የህግ አውጪው ምክር ቤት ፊት ቆሞ። ጄን ማኒንግ ጄምስ የምትባል ጥቁር ምዕመን ደግሞ ለጥቁሮች የተከለከለውን የቤተመቅደስ ስርዓት እንድትፈጽም ስንት ዓመት ለመነች፣ በመጨረሻ 1894 ላይ የተፈቀደላት ለጆሴፍ ስሚዝ የዘላለም አገልጋይ መሆን ብቻ ነው፣ እሱንም እሷ እንዳትገባ ተደርጎ ሌላ ሴት ወክላት ነው። ይሄን ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው። በ1949 መሪዎቹ ነገሩ ፖሊሲ ሳይሆን የጌታ ቀጥተኛ ትዕዛዝ ነው ብለው ጻፉ፣ በ2013 ደግሞ ጥቁር ቆዳ የእርግማን ምልክት ነው የሚለውን የድሮ ማብራሪያ አንቀበልም አሉ። ይሄን ማለታቸው ጥሩ ነው፣ በግልጽ ይቅርታ ሲጠይቁ ግን አልሰማሁም፣ ለእነ ጄን ዘሮች ደግሞ ይገባቸዋል።

አንባቢያችሁ