ስለ ጉቶውም ይነገር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ክረምት በመጣ ቁጥር ስንት ችግኝ እንደተተከለ እናነባለን። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው ምን እንደሚሆን ግን የሚጠይቅ አይታይም። እንጨት ተመልሶ የሚተካ ሀብት የሚሆነውም የማይሆነውም እዚያ ላይ ነው።

በካዛንቺስና በፒያሳ ግንባታዎች ወለል ደግፎ የሚቆመውን የባህር ዛፍ አጣና እንውሰድ። ዛፉ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ከተማዋ ማገዶ አጥሯት ሳለ ነው። እስካሁን ያቆየው ቶሎ ማደጉ ብቻ ሳይሆን ከጉቶው መልሶ ማቆጥቆጡም ነው። የአበሻ ጥድ ይህ ጸጋ የለውም፤ ከተቆረጠ እንደገና መትከል ግድ ነው።

ቀንበጡ የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥር ነው። በመጥረቢያ ሲቆረጥ ጉቶው ይሰነጠቃል፣ ቅርፊቱም ከእንጨቱ ይላቀቃል። ሳያቆጠቁጥ ሲቀር ታዲያ «መሬቱ ደክሟል» ይባላል፤ መሬቱ ምን አጠፋ? በመጋዝ፣ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ትንሽ አዘንብሎ መቁረጥ ነው። ጉቶው ረጅም ከሆነ ቀንበጡ ከላይ ይበቅልና ነፋስ ይገነጥለዋል። ጥሩው ጊዜ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው፤ በጥቅምት ከተቆረጠ ለጋውን ቀንበጥ ውርጭ ያገኘዋል። ቅርንጫፉን ጉቶ ላይ ከምሮ ማቃጠልማ ጨርሶ መግደል ነው።

ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ሁሉም ከተተወ ሁሉም ቀጭን ሆኖ ይቀራል። 2 ሜትር ገደማ ሲደርሱ ከሥር የወጡትን ጠንካራ 2 ወይም 3 አስቀርቶ ሌላውን ለማገዶ ማንሳት ያስፈልጋል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ውስጥ አጣና ይሆናል። በደንብ የተያዘ ጉቶ 3 ወይም 4 ጊዜ ከሰጠ በኋላ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ያኔ ነቅሎ መተካት ነው።

አስቸጋሪው የቅጠሉ ጉዳይ ነው። ለአፈሩ የሚመለሰው ምግብ ያለው በይበልጥ በቅጠሉና በቅርፊቱ ነው። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ግን እንጀራ የሚጋገርበትን ነው የሚያመጡት፤ ሌላ መተዳደሪያ ሳይሰጧቸው መከልከል ፍርደ ገምድልነት ነው። ቢያንስ አጣናው እዚያው ይላጥና ቅርፊቱ ጫካው ውስጥ ይበስብስ።

ከተማ ከገባ በኋላም ብክነቱ አይቆምም። ጭቃ ውስጥ የቆመ አጣና ከእግሩ ይበሰብሳል፤ ከሥሩ ጣውላ ማንጠፍ ይበቃው ነበር። በየቦታው የሚመታው ሚስማርም ይሰነጥቀዋል፤ መወጣጫው በገመድ ወይም በሽቦ ቢታሰር ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ ሚስማሩን ነቅሎ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ጥላ ሥር መደርደር ነው። እግሩ የበሰበሰ አጣና የበሰበሰው ጫፉ ተቆርጦ ዝቅ ላለ ወለል ያገለግላል። የተሰነጠቀውን ግን መልሶ ኮንክሪት ማሸከም ሠራተኛውን ለሞት መዳረግ ስለሆነ በቀጥታ ለማገዶ ይሂድ።

የደን ባለሙያዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ