ለደንበኞቻችን፦ «ክፍልዎን ያሳድጉ» የሚል ኢሜይል ሲደርሳችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከርማችኋል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለችው ቢሮአችን ሰሞኑን ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። የመርከብ ጉዞ ያስያዘ ደንበኛ ይመጣል። ስልኩን ጠረጴዛችን ላይ ያስቀምጣል። «ይሄን ልቀበል ወይስ ልተወው?» ይላል። ስክሪኑ ላይ ያለው ከመርከብ ድርጅቱ የመጣ ኢሜይል ነው። በረንዳ ያለው የሚያምር ክፍል ፎቶ አለበት። ከሥሩ «በትንሽ ጭማሪ ክፍልዎን ያሳድጉ» የሚል ቁልፍ አለ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ቁልፉን ተጭናችሁ፣ ሄዳችሁ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ነው የነገራችሁን። ገሚሶቻችሁ ደስ ብሏችሁ፣ ገሚሶቻችሁ ከፍቷችሁ። ስለዚህ ነገሩን አንድ ጊዜ በደንብ ብንጽፍላችሁ ይሻላል አልን።

የምንጀምረው ከራሳችን ጥፋት ነው።

አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ሮም አጠገብ ካለው የቺቪታቬኪያ ወደብ በሚነሳ መርከብ ለ7 ሌሊት ተጓዙ። እናትየው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ክፍሉን ስናስይዝላቸው የመርከቡን ፕላን ዘርግተን አብረን ነው ያየነው። ዝቅ ያለ ፎቅ፣ የመርከቡ ወገብ ላይ፣ ከሊፍቱ አራት በር ብቻ የሚርቅ፣ መስኮት ያለው ክፍል መረጥን። ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያ ኢሜይል መጣ። ልጅቷ ደወለችልን። ቢሮው በሰው ተጨናንቆ ነበር። «ዋጋው ጥሩ ነው፣ ተቀበሉት» አልናት። ፕላኑን መልሰን አልከፈትንም።

የደረሳቸው ክፍል በረንዳ አለው። ግን የመርከቡ የፊት ጫፍ ላይ ነው። ልጅቷ በኋላ ኮሪደሩን የቀረጸችውን ቪዲዮ አሳየችን። እናቷ የግድግዳውን መደገፊያ ይዘው ይራመዳሉ። ትንሽ ሄደው ይቆማሉ። በሮቹን እየቆጠሩ ነው። «ሃያ ስምንት... ሃያ ዘጠኝ...» የሚለው ድምፃቸው ይሰማል። ሠላሳ አንደኛው በር የእሳቸው ነበር። ምሳ ለመብላት ሠላሳ አንድ፣ ለመመለስ ሠላሳ አንድ። ሁለተኛው ሌሊት ባሕሩ ተነሣና የመርከቡ ፊት ከፍ ዝቅ ሲል አደረ። ሲያጥወለውላቸው አነጋ። በረንዳው ላይ የተቀመጡት አንድ ቀን ብቻ ነው። ተጨማሪ ገንዘብ ከፍለው ያጡት ነገር፣ እኛው ራሳችን አስበን የመረጥንላቸውን ክፍል ነው።

ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናቸዋል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፉንም እሳቸው ናቸው። «ለሌላው ሰው ንገሩት» አሉን።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። ኢሜይሉ የሚሸጥላችሁ የክፍል ዓይነት እንጂ አንድን የታወቀ ክፍል አይደለም። «በረንዳ ያለው» ይላል። የትኛው ፎቅ፣ ፊት ይሁን ኋላ፣ ከሊፍት ይቅረብ ይራቅ፣ አይናገርም። ያን የሚወስነው ድርጅቱ ነው፣ እሱም ክፍሉን ሲመድብላችሁ። የመደበላችሁን ክፍል አልወደድኩትም ብላችሁ ወደ ድሮው መመለስ አትችሉም። ለምን ቢባል፣ የለቀቃችሁት ክፍል ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ኢሜይል የሚልኩትም ለዚሁ ነው። የእኛ ከተማ ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም። መርከብ ግን ሞላም አልሞላም በቀኑና በሰዓቱ ይነሳል። ባዶ የሄደ በረንዳ ሳንቲም አያስገባም። ድርጅቱ እናንተን በትንሽ ጭማሪ ወደ ላይ ሲያወጣችሁ ሁለት ነገር ያገኛል። ባዶው በረንዳ ገንዘብ አመጣለት። የለቀቃችሁት ርካሽ ክፍል ደግሞ እንደገና ገበያ ላይ ወጣ። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ንግድ ነው፤ አንዳንዴም ለእናንተ በጣም የሚያዋጣ ንግድ። ብቻ እናንተም እንደ ነጋዴ አስባችሁ ግቡበት ነው የምንለው።

አቀራረቡ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዋጋው ተቆርጦ ይመጣል፤ ትቀበሉታላችሁ ወይ ትተዉታላችሁ። ሁለተኛው እንደ ጨረታ ነው። ከመርከብ ድርጅቶቹ የሮያል ካሪቢያኑ ሮያልአፕ፣ የሴሌብሪቲው ሙቭአፕ፣ የኖርዌጂያኑ አፕግሬድ አድቫንቴጅ የሚባሉት እንዲህ ናቸው። መነሻ ዋጋ ይቀመጥላችኋል። ከዚያ በላይ የምትከፍሉትን እናንተ ትጽፋላችሁ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ምልክት ወደ ቀኝ በገፋችሁት ቁጥር «ዕድልዎ ጠንካራ ነው» እያለ ቀለሙ ይለወጣል። ያ ቀለም እጅ ያሳሳል። ደንበኞቻችን አጠገባችን ተቀምጠው ምልክቱን ሲገፉ አይተናል፤ ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ እጃቸው አያርፍም። እባካችሁ ከመንካታችሁ በፊት የመጨረሻ ዋጋችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። አትለፉት።

ዋጋው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። የሚታየው ቁጥር የአንድ ሰው ነው። ለምሳሌ 120 ዶላር ካለ፣ ለባልና ሚስት 240 ዶላር ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰውም በጨረታው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ይከፍላል፤ ክፍሉ ለሁለት ሰው የታሰበ ነውና። በሮያል ካሪቢያን ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ለሚያድሩ ሦስተኛና አራተኛ ሰው በጨረታው አይከፈልም። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ቁርጥ ዋጋ ከመጣላችሁ ግን «ይህ ለአንድ ሌሊት ነው ወይስ ለሙሉ ጉዞው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ በሌሊት የተጻፈ ነው። በሰባት ሲባዛ ያስደነግጣል። ስዊት የሚባለው ሰፊና ውድ ክፍል ከሆነ ደግሞ በቀን በቀን የሚታሰበው የሠራተኞች ጉርሻም ይጨምራል።

ስለ ካርዱም እንንገራችሁ። ጨረታው ውስጥ የምታስገቡት የካርድ ቁጥር ዝም ብሎ ይቀመጣል። መነሻው ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ መልስ ላይመጣ ይችላል። የተቀበሏችሁ ቀን ግን ሳይጠይቋችሁ ወዲያው ይቆርጡታል። ከዚያ በኋላ ተመላሽ የለም። ሐሳባችሁን መለወጥ የምትችሉት ከመቀበላቸው በፊት ብቻ ነው። ብዙዎቻችሁ ባንክ በዶላር የሚሞላላችሁን ካርድ ነው የምትይዙት፤ ያም ብር ለመንገድ የታሰበ ነው። አንድ ደንበኛችን ጨረታ መግባቱን ረስቶት፣ ሮም ደርሶ ሆቴል ሊከፍል ካርዱን ሲሰጥ ባዶ ሆኖ አገኘው። ውጭ የሚኖሩ እህትና ወንድሞቻችሁን ካርድ የምታስገቡ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ባልጠበቁት ቀን ሲቆረጥባቸው ቅር ይላቸዋል፤ ልክም ናቸው።

ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ይዛችሁ የምትጓዙ ቤተሰቦች፣ ለእናንተ ምክራችን አጭር ነው። አትንኩት። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ነው የሚታየው። እናንተ አሥረኛ ፎቅ፣ አያትና ልጆች ስድስተኛ ፎቅ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

መቼ ነው ታዲያ ተቀበሉ የምንለው?

ባለፈው ዓመት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ልጆቻቸው ከፍለውላቸው ከዱባይ ተነሡ። ጣና ላይ በጀልባ ገዳማቱን ዞረዋል እንጂ ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። የተያዘላቸው ውስጠኛ ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም፤ መብራቱን ስታጠፉት ድፍን ጨለማ ነው። የጭማሪው ኢሜይል ሲመጣ አብረን ተቀምጠን አሰላነው። ሁለት ቀን ሙሉ መርከቡ ወደብ ሳይነካ ባሕር ላይ የሚውልበት ጉዞ ነው። ጊዜው ጥር ነው፤ በዚያ ወቅት የባሕረ ሰላጤው አየር ለበረንዳ ይመቻል። ጋሼ እግራቸው ጠንካራ ነው፤ የትም ቢመደቡ አይጨነቁም። መርከብ አያምመኝም ይላሉ። «ተቀበሉት» አልናቸው፤ ይህን ጊዜ አስበንበት። ልጃቸው የላከልን ፎቶ እስካሁን ቢሮአችን ግድግዳ ላይ አለ። ገና አልነጋም። ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮአቸው ተከናንበው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ሻያቸው ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዟል። እያዩ ያሉት ውሃውን ብቻ ነው።

እንዲህ ላለው ሰው በረንዳ ገንዘቡን ያወጣል። ረጅም የባሕር ቀን ሲኖር፣ ወይም እንደ ኖርዌይ ፍዮርዶች መርከቡ በተራሮች መካከል ቀስ ብሎ የሚያልፍበት መንገድ ሲሆን፣ እኛም ደስ እያለን «ጨምሩ» እንላለን።

በየቀኑ ወደብ የሚነካ ጉዞ ግን ሌላ ነው። የግሪክና የቱርክን መስመር አስቡት። ጠዋት ትወርዳላችሁ፣ ማታ ደክማችሁ ትመለሳላችሁ። በረንዳው ቀኑን ሙሉ ባዶውን ይውላል። ሌሊት ደግሞ ባሕሩ ጥቁር ነው። በዚያ ገንዘብ ሌላ ምን ይሠራል? መርከቡ የቱርክ ወደብ በሆነችው ኩሻዳሲ ከቆመ ኤፌሶን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ431 እመቤታችን ወላዲተ አምላክ መባሏን ያጸናው ጉባኤ የተቀመጠበት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም እዚያ ቆሟል። በየዓመቱ ስሙን የምንሰማውን ጉባኤ ቦታውን በእግር መርገጥ ማለት ነው። ዮሐንስ ራእዩን ያየባትን ፍጥሞን የሚነካ መስመርም አለ። መርከቡ ኩሻዳሲ ቆሞ ሳለ፣ ገንዘባቸውን በረንዳው ላይ ጨርሰው ከወደቡ ሳይርቁ የተመለሱ ደንበኞች አሉን። እስካሁን ይቆጫቸዋል፤ እኛንም ይቆጨናል። ምርጫው የእናንተ ነው፣ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት።

አንድ ሌላ መንገድም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቀሪ ክፍያችሁን ገና ካልጨረሳችሁ፣ ማለትም ቀብዱን ብቻ ከከፈላችሁ፣ ጨረታ ውስጥ መግባት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የዕለቱን የበረንዳ ዋጋ እናያለን። ልዩነቱ ከጨረታው ብዙም የማይርቅበት ጊዜ አለ። እንዲህ ከሆነ ልዩነቱን ከፍለን የክፍሉን ቁጥር ራሳችን እንመርጣለን። ከዋናው መዋኛ ሥር ያለውን እንተዋለን፤ ገና ጎሕ ሲቀድ ወንበር ሲጎተት ይሰማልና። ከጭፈራ ቤቱ በላይ ያለውንም እንተዋለን። የነፍስ አድን ጀልባው እይታውን የሚጋርደውንም እንለያለን፤ ባሕር አያለሁ ብሎ መጋረጃ ሲገልጥ ብርቱካናማ የጀልባ ሆድ የገጠመው ሰው አለ። ቀሪው ክፍያ የሚጠናቀቀው ብዙ ጊዜ ከመነሻው 3 ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ብቅ በሉ።

በስልክ ደውሎ «ከመርከቡ ድርጅት ነው፣ ክፍል ላሳድግልዎ፣ የካርድ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ግን ስልኩን ዝጉት። ድርጅቶቹ እንዲህ የሚደውሉበት ጊዜ መኖሩ እውነት ነው። አጭበርባሪም እንደዚያው ይደውላል። ዘግታችሁ ለእኛ ደውሉ፤ እውነት ከሆነ ከቡኪንጋችሁ ላይ እናገኘዋለን።

ከእንግዲህ እኛ የምናደርገው ይህ ነው። ስታስይዙ «ይህ ክፍል ለምን ተመረጠ?» የሚለውን በአማርኛ ጽፈን ከወረቀታችሁ ጋር እናያይዛለን። «ጉልበት ያማል፣ ከሊፍት እንዳይርቅ።» «እንቅልፋቸው ቀላል ነው፣ ጸጥ ያለ ፎቅ።» ኢሜይሉ ሲመጣ መጀመሪያ ያንን ወረቀት አንብቡ። ክፍላቸው በምንም ምክንያት እንዳይነካ ለሚፈልጉ ደግሞ፣ ድርጅቱ በነፃም ቢሆን ሳይጠይቅ እንዳይቀይራቸው ቡኪንጉ ላይ እናስመዘግባለን። በነፃ የመጣ ለውጥም ሠላሳ አንደኛው በር ላይ ሊያደርስ ይችላል።

ተቀብላችሁ ከተሳካላችሁ አዲሱን ማረጋገጫና የመሳፈሪያ ወረቀት እንደገና አትሙ። የሻንጣ ታርጋችሁ ላይ ያለው የድሮው ክፍል ቁጥር ከሆነ አውጥታችሁ በአዲሱ ተኩት፤ አለዚያ ሻንጣችሁ ማታ ድረስ ሲፈለግ ይቆያል። ማተሚያ ከሌላችሁ እኛ ጋ ኑ፣ አትከፍሉም።

ቢሮአችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30፣ ቅዳሜ እስከ ቀኑ 6:30 ክፍት ነው። ኢሜይሉን ሳትጫኑት ይዛችሁት ኑ። ፕላኑን ዘርግተን አብረን እናየዋለን። ቡናም አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ቢሮአችሁ ባልደረቦች
ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አዲስ አበባ