የእንግሊዝኛ ንግግር ልምምድ ማክሰኞ ይጀመራል

ሰላም የእንግሊዝኛ ክበብ አባላት፣

ከፊታችን ማክሰኞ ጀምሮ ዘወትር ማክሰኞና ሐሙስ እንግሊዝኛ እየተናገርን የምንለማመድበት ጊዜ ይኖረናል። ሰዓቱ ከቀኑ 9:30 እስከ 10:15፣ ቦታው ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለው ክፍል ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግን መልስ የሚመረጥበት (ምርጫ) ስለሆነ ንግግራችንን አይፈትንም። ስለዚህ ሰዋስው እየሸመደድን መናገሩን እንተወዋለን። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ፕሬዘንቴሽን አቅርቡ ስትባሉ ግን ማምለጫ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሁለት እንሆናለን። አንዱ በሳምንቱ ከተማረው አንድ ነገር መርጦ ለጓደኛው ያስረዳል፤ ለምሳሌ ዕፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ። ጓደኛው ይጠይቃል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ቃል ከጠፋባችሁ በምታውቁት ቃል ዞር አድርጋችሁ ግለጹት እንጂ ወደ አማርኛ አትሂዱ። መሀል ገብቶ ማረም የለም፤ እርማት መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ሲሳሳት መሳቅ ደግሞ ፈጽሞ አይፈቀድም። ብዙ ጎበዝ ልጆች ክፍል ውስጥ ዝም የሚሉት ሳቁን ፈርተው ነው፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ርዕሳችሁን አስቡበት፣ ግን ጽፋችሁ አትምጡ፤ ንግግሩ ቀርቶ ንባብ ይሆናል።

የምትመጡ እስከ እሁድ ማታ ስምና ክፍላችሁን እዚሁ ግሩፑ ላይ ጻፉልኝ። ከሁለቱ ቀናት አንዱ የማይመቻችሁ ካላችሁ የትኛው እንደሆነ አብራችሁ ንገሩኝ።

የክበቡ አስተባባሪ