ለነርሶቻችን ላይሰንስ ዕድር እንመሥርት፦ የድጋፍ ጥሪ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ለምትኖሩ ወገኖቻችን በሙሉ፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ነርሲንግ ሆም የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሺፍት ሲቀየር ወጪዋና ገቢዋ ነርስ መድኃኒት ጋሪው ዘንድ ቆመው ናርኮቲኩን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፣ መዝገቡ ላይ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ከዚያ ቁልፉን ይረካከባሉ። ደንቡ ይህ ነው። ወጪዋ ግን ሁለተኛ ሥራዋ እንዳይረፍድባት ትቸኩላለች፤ ገቢዋም «ቆጥሬዋለሁ፣ ልክ ነው» ስትባል ባልደረባዋን የተጠራጠረች እንዳይመስልባት ትፈርማለች። እኔም ሳልቆጥር ፈርሜ አውቃለሁ። ቀን የጣለ ዕለት ሁለት ፍሬ ኦክሲኮዶን የተባለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ይጎድላል፣ መጀመሪያ የምትጠየቀውም ቁልፉ እጇ ላይ የተገኘው ነርስ ናት።

ከዚያ ላይሰንስ ከሚሰጠውና ከሚነጥቀው የስቴቱ ነርሲንግ ቦርድ ደብዳቤ ይመጣል። የእኛ ሰው ይበልጥ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። እኛ ስናድግ የተቆጣን ትልቅ ሰው ጉልበቱን ስመን፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በሉኝ» ብለን ነው የምናበርደው። ያላጠፋውም ለሰላም ሲል ይቅርታ ይጠይቃል። ቦርዱ ግን ሽማግሌ አይደለም፤ ያቺ ትሕትና ፋይሉ ውስጥ የእምነት ቃል ሆና ትቀመጣለች። ቀጥሎ ቅጣቱን ተስማምቼ ተቀብያለሁ ተብሎ የሚፈረምበት፣ የስምምነት ትእዛዝ የሚባል ወረቀት ሊላክ ይችላል፤ ፈርመው የሚገላገሉት ይመስላል። የተፈረመው ቅጣት ግን ነርሲስ በተባለው የላይሰንስ መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ቀጣሪ ሁሉ ያየዋል፤ ሌላ ስቴት ሄዶ መሥራትንም ሊያግድ ይችላል።

በወንጀል የተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። የላይሰንስ ጉዳይ የአስተዳደር ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ያ መብት የለም። የአሠሪያችሁ ጠበቃም የሚቆመው ለአሠሪው ነው።

የቴነሲዋን ነርስ የራዶንዳ ቮትን ጉዳይ ብዙዎቻችን ተከታትለነዋል። በ2017 ከሆስፒታሉ የመድኃኒት ማሽን ቨርሴድ የተባለ ማረጋጊያ ልታወጣ ቬኩሮኒየም የተባለ ጡንቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒት አወጣች፣ ሕመምተኛዋም ሞቱ። ስህተቷን ወዲያው ራሷ ተናገረች። የላይሰንሷ ጉዳይ በ2018 ያለ ምንም እርምጃ ተዘጋ፤ በኋላ ግን እንደገና ተከፈተና ቦርዱ በ2021 ላይሰንሷን ነጠቀ። በ2022 በወንጀል ጥፋተኛ ስትባልም፣ ለመርማሪዎች የሰጠችው የተቀዳ ቃል ፍርድ ቤት ውስጥ ለጁሪው ተሰምቷል። እውነት አትናገሩ እያልን አይደለም፤ አጠገባችሁ ጠበቃ ሳይኖር አትናገሩ ነው የምንለው።

«ሌባ ልትደብቁ ነው ወይ?» ያሉን አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሕመምተኛን ማስታገሻ የሰረቀ ሰው የአንዲት አሮጊት እናትን ሌሊት ነው የሰረቀው። ሱስ የያዘው ነርስ ቢሆን እንኳ ግን በብዙ ስቴቶች ከቅጣት በፊት የሕክምናና የክትትል ፕሮግራም አለ፤ ጠበቃ መግቢያውን ለማግኘት ሊረዳ ይችላል።

ለቀብር የማንሰንፍ ሕዝብ ነን። ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሳምንት ገንዘብ እናዋጣለን። ላይሰንሷን የተነጠቀች እህት ግን ሰው ምን ይለኛል ብላ ቤቷን ዘግታ ስታለቅስ አንሰማም። ስለዚህ በወር 10 ዶላር እንድታዋጡ እንጠይቃለን፤ የቻለ ይጨምር። ገንዘቡ ለመጀመሪያው የጠበቃ ምክር፣ ለመልስ ደብዳቤውና ማስረጃ ለማስወጣት ይውላል። በቀጥታ ለጠበቃው እንጂ በተረጂው እጅ አይገባም። ወጪ የሚሆነው ሦስት ሰዎች ሲፈርሙ ነው፤ ሂሳቡን በየሦስት ወሩ እናሳያለን፤ የተረጂዎችን ስም ግን ለማንም አንናገርም።

ነርስ ከሆናችሁ ደግሞ ለእኛ ከመስጠታችሁ በፊት የላይሰንስ ክርክርን የሚሸፍን የራሳችሁን ኢንሹራንስ ግዙ። ሁላችንም ያን ብናደርግ ይህ ፈንድ ሥራ ይፈታል፣ እኛም ደስ ይለናል።

መዋጮውን ይህን ጥሪ ላደረሳችሁ ሰው ስጡ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ደብዳቤ ደርሷችሁ ፈርታችሁ መሳቢያ ውስጥ የከተታችሁ ካላችሁ ለእሱው ሰው ንገሩት። ስትመጡ ፖስታውንም አትጣሉ፤ የመልስ ቀነ ገደቡ አለ፣ ጠበቃው መጀመሪያ የሚያየው ቀኑን ነው።