ገንዘቡ ነሐሴ ላይ ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጅማ ከውጭ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተጣምሮ ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚረዳ ሁሉ የገንዘቡን መጠን ያህል የሚደርስበትን ጊዜም ይደራደር። የብዙ ለጋሾች በጀት የሚከፈተው በፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ ማለትም በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ደብተርና ዩኒፎርም ግን መስከረም ላይ ያስፈልጋል። ያልተሟላለት ልጅ ጥቅምት ላይ ቡና ለቀማ ይወጣል፤ ከወጣ መመለሱ ያጠራጥራል። ስለዚህ የትምህርቱ ክፍያ ነሐሴ ላይ እንዲገባ በውሉ ይጻፍ፤ የ3 ወር መጠባበቂያም ይያዝ።

ሌላው፣ አንዱን ልጅ ብቻ መርዳት ወንድምና እህቱን የበይ ተመልካች ያደርጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልነት በቤተሰብ ስለሆነ መዋጮው ልጆቹን ለሚያሳድገው ቤት፣ ለምሳሌ ለአያታቸው ቤት፣ ይከፈል፤ እድሳቱ ካለፈ ሕክምናው ከኪስ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ከጅማ